ሳይቀያየር የቀረው ጨርቅ

ልጆች፥ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ንቢት ነው። ንቢት አሥር ዓመቷ ነው። ንቢት ያሏት አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል ነው፤ ገና መዳህ ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ቤቱን ታተራምሰው ነበር። ቤታቸው አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል የሥራ ክፍሏ ነው፤ የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፣ ካውያው በበሩ በኩል፣ የክር ጥቅልሎቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ በየቀለማቸው ተደርድረዋል። ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠፍቶ አያውቅም። የኋለኛው ክፍል መኝታ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ ከአልጋው ይልቅ ጋቢናው ውስጥ የሚያድርበት ቀን ይበዛል።

ንቢት አንዲት ጥንቸል ነበረቻት። ነጭ ስለሆነች ጥጤ ብላታለች። ጥጤ ገና ልጅ ናት። ንቢት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጥጤ ወደምትኖርበት የሽቦ ቤት ትሮጣለች፤ ጥጤም አፍንጫዋን እያንቀጠቀጠች ትቀበላታለች። እናንተም ቤት ስትገቡ የሚቀበላችሁ ነገር ካለ ደስታው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ።

አንድ ቀን የንቢት አክስት፣ የእናቷ ታናሽ እህት፣ ታመመች። ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ይህን ለስለስ አድርጌ ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ግን ሞት ሞት ነው፣ እናንተም ስሙን ታውቁታላችሁ። አክስቷ አንዲት ልጅ ትታ ነበር። ከንቢት በአንድ ዓመት ታንሳለች። ብዙ ስለማትናገር ጭምት ይሏታል። አባት የላትም። ስለዚህ የንቢት አባት በጭነት መኪናው አምጥቶ ቤታቸው አስገባት። ጭምት በአንድ እጇ የልብስ ሻንጣ፣ በሌላው ጎኑ የተበሳሳ የጫማ ካርቶን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ካርቶኑ ውስጥ ግራጫ ጥንቸል ነበረች። ስሟ ደመና ነው። እሷም እንደ ጥጤ ገና ልጅ ናት፤ እሷም ሴት ናት። የጭምት እናት ታማ አልጋ ላይ ሳለች፣ እኔ እንቅልፍ ሲወስደኝ የምታጫውትሽ ብላ ያስገዛችላት ናት። ጭምት ከእናቷ እጅ የተቀበለችው የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ካርቶኑን ግን እስኪመሽ ከጭኗ ላይ አላወረደችውም።

የንቢት እናት የእህቷን ልጅ አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ቤቱን ማመቻቸት ጀመረች። አልጋው አንድ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጎን የንቢት ነበር፣ ለጭምት ተሰጠ። መሳቢያው ለሁለት ተከፈለ። እናቷ "ልጄ" ስትል ሁለቱም ቀና ማለት ጀመሩ። ንቢት የተባለችውን ሁሉ አካፈለች። ውስጧ ግን አንድ ነገር ይቆረቁራት ነበር። ልጆች፥ ይህ ነገር ቅናት ይባላል። ቅናት እኔ ቅናት ነኝ ብሎ አይመጣም፤ ድርሻዬን ተቀማሁ እያለ ነው የሚመጣው።

እናቷ ሁለቱን ጥንቸሎች በአንድ ቅርጫት ይዛ ልትሄድ አልደፈረችም፤ ለየብቻ አድርጋ ወደ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ወሰደቻቸው። ልጆቹም አብረው ሄዱ። ሐኪሟ ረጅም፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የምትጠቀልል ሴት ናት። ጥርሳቸውን አየች፣ ሆዳቸውን ዳበሰች፣ መዘነቻቸው። ሁለቱም ገና ልጆች በመሆናቸው የዋሃን ናቸው አለች። ጥቂት ሲያድጉ ግን ፀባያቸው ይለወጣል፤ ይህ የኔ ቤት ነው፣ ያ የኔ ድርሻ ነው ማለት ይጀምራሉ። ያኔ እንዳይወልዱ የሚያደርገውን ቀዶ ሕክምና ትሠራላቸዋለች፤ ያ ያረጋጋቸዋል። እስከዚያ ድረስ ግን ቀስ ብለው መተዋወቅ አለባቸው። ንቢት ይህን ስትሰማ ስለ ጥንቸል ብቻ የተነገረ መሰላት።

"ጥንቸል ጓደኛዋን የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በአፍንጫዋ ነው" አለች ሐኪሟ። "ለሁለቱም አንዳንድ ጨርቅ አንጥፉላቸው። በየማታው ጨርቁን አቀያይሩት። የዚችን ለዚያች፣ የዚያችን ለዚች። አንዷ በሌላዋ ሽታ ላይ መተኛት ስትለምድ፣ ያን ጊዜ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ካልለመደች ግን እንዳታገናኟቸው። አንዴ ክፉኛ የተጣሉ ጥንቸሎች አይረሱም።"

እናቷ የዚያን ዕለት ማታ ከመጋረጃ ሥራ ከተረፈ ወፍራም ጨርቅ ሁለት እኩል ቁራጭ ቀደደች። ጫፋቸው እንዳይተረተር አንዱን በቀይ ክር፣ አንዱን በሰማያዊ ክር ዘመዘመችው። ሰማያዊው ለጥጤ፣ ቀዩ ለደመና ተነጠፈ። የሽቦ ቤቶቹ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ግን እንዳይነካከሱ መሃላቸው ትንሽ ክፍተት ተተወ። ከዚያ ሥራ ተከፋፈሉ። ድርቆሽና ውሃ ማቅረብ የጭምት ሆነ። ጨርቁን ማቀያየር የንቢት ሆነ። ታላቅ እኔ ነኝ፣ ዋናው ሥራ የኔ ይሁን ብላ የለመነችው እሷው ናት።

በመጀመሪያው ማታ ንቢት እንደተባለችው አደረገች። ቀዩን ወደ ጥጤ፣ ሰማያዊውን ወደ ደመና ወሰደች። ጥጤ ቀዩን ጨርቅ አሸተተችው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች። በኋላ እግሯ ወለሉን ድም አድርጋ መታችው። ንቢት ልትዳብሳት እጇን ስታስገባ ጥጤ ፊቷን አዙራ ጥግ ያዘች።

እንዲህ ሆና አታውቅም ነበር። ንቢት ልቧ ተሰበረ። አልጋዬን አካፈልኩ፣ መሳቢያዬን አካፈልኩ፣ እናቴን አካፈልኩ፤ አሁን ደግሞ ጥጤ በሰው ሽታ ምክንያት ትጥላኝ? ብላ አሰበች። ዞር ዞር ብላ አየች። እናቷ ስፌት ላይ ናት፤ ጭምት ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች። ጨርቆቹን ጎትታ አወጣችና ሰማያዊውን ለጥጤ፣ ቀዩን ለደመና መለሰች። ጥጤ ወዲያው መጥታ መዳፏን ላሰቻት።

"ጨርቁን ቀየርሽ?" አለች እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳትል።

"ቀየርኩ" አለች ንቢት።

አያችሁ ልጆች፥ ሐሰት አልነበረም ልትሉ ትችላላችሁ፤ ቀይራ ነበርና። እሷም ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነው። በማግስቱ ግን አልቀየረችም። ሁለቱን ጨርቅ አወጣች፣ ድርቆሹን አራገፈች፣ እያንዳንዱን ወደነበረበት አስገባች። እናቷ ጠየቀቻት፤ ቀየርኩ አለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ውሸት ስትናገር ራሷን ማሳመን ነበረባት፤ የኋለኞቹ ያለ ምንም ችግር ወጡ። ከመተኛታቸው በፊት እናቷ ሁለቱን ልጆች አጠገቧ አንበርክካ ስትጸልይ ግን፣ "ይቅር በለን" የሚለው ላይ ሲደርሱ ንቢት ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር።

ጥንቸሎቹ አደጉ። ጥጤ አገጯን ሽቦው ላይ እያሻሸች ቤቷን ምልክት ታደርግበት ጀመር። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ታጉረመርማለች። እናቷ ለሐኪሟ ስልክ ደወለች። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምናው እየደረሰ ነው አለች፤ ጨርቁ በትክክል ሲቀያየር ከቆየና ሁለቱም ተረጋግተው የሚተኙበት ከሆነ፣ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ማገናኘት ጥሩ ነው፤ የሁለቱም ያልሆነ ቦታ ይሁን፤ ሰው ከአጠገባቸው አይጥፋ አለች። እናቷ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ወደ ንቢት ዞረች። ንቢት ራሷን ነቀነቀች። እናቷም በሥራ ተጠምዳ የክሮቹን ቀለም ልብ ብላ አይታ ስለማታውቅ፣ በየቀኑ ተቀይሯል፣ ጥጤም ተረጋግታ ትተኛበታለች ብላ መለሰች።

መታጠቢያ ቤቱ ተመረጠ። ከጥንቸሎቹ አንዳቸውም ገብተውበት አያውቁም። እናቷ እንዳያንሸራትታቸው አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፈች። ጭምት ደመናን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። አልገባ አለች።

"አክስቴ፥ ትንሽ ብንቆይስ?" አለች በቀስታ።

የንቢት እናት ምነው ብላ ጠየቀቻት። ጭምት ንቢትን አየቻት። ከዚያ መሬት መሬት አየች። ንቢት የጥጤን ጀርባ እየዳበሰች፣ ተዋውቀዋል እኮ፣ ምን ያስፈራሻል አለች። ያን ጊዜ እንኳ ልትናገር ትችል ነበር። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። ልጆች፥ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ንቢትን በትከሻዋ ይዤ ባናገርኳት ብዬ እመኛለሁ። ግን ታሪኩ አልፏል።

ሁለቱ ጥንቸሎች ብርድ ልብሱ ላይ ተቀመጡ። ደመና አንገቷን አስረዝማ፣ አፍንጫዋን ቀድማ፣ ቀስ እያለች ተጠጋች። ጥጤ ደርቃ ቀረች። ጭራዋ ቆመ። ከዚያ ዘለለችባት። አንድ ነጭና ግራጫ ድብልብል ነገር መታጠቢያ ቤቱን ዞረ፤ ፀጉር እንደ ብናኝ ተነሳ። ጥንቸል ድምፅ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ደመና ግን ጮኸች፤ የልጅ ጩኸት ይመስል ነበር። የንቢት እናት እጇን መሃላቸው ከተተች፤ አውራ ጣቷ ላይ ተነከሰች፤ ቢሆንም አለያየቻቸው። ደመና ግድግዳው ጥግ በጎኗ ወደቀች። ግራጫው ሆዷ ላይ የተከፈተ ቁስል ነበር።

በፎጣ ጠቅልለዋት ወደ ክሊኒኩ ሮጡ። ሐኪሟ ቁስሉን አጠበች፣ ሰፋችው፣ መርፌ ወጋቻት። ጭምት ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ የደመናን አንድ እግር በሁለት ጣቷ ይዛ ነበር። አታለቅስም፤ ከንፈሯ ብቻ ነጭ ሆኗል። ሐኪሟ ጓንቷን አውልቃ ወደ ንቢት ጎንበስ አለች። ጨርቁን የምታቀያይሪው አንቺ ነሽ አይደል ብላ ጠየቀቻት።

"በየማታው ነበር የምትቀይሪው? አንድም ቀን ሳታስታጉይ?"

ንቢት እናቷን አየች። የእናቷ አውራ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል። ጭምትን አየች። ጭምት እሷን አታይም ነበር።

"አዎ" አለች ንቢት።

ሐኪሟ ቀና ብላ በረጅሙ ተነፈሰች። እንግዲህ ይህ ከጨርቅ አልፏል አለች። ሽታዋን እያወቀች እንዲህ ካደረገቻት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ማገናኘት አያዋጣም። አንዳንዱ አብሮ መኖር አይሆንለትም። አንደኛዋ ሌላ ቤት ትፈለግላት። ይህን ያለችው በክፋት አይደለም፤ በተነገራት ላይ ተመሥርታ ነው።

 ቤት ሲደርሱ እናቷ ከሁለቱ የትኛዋ ትሂድ የሚለውን ነገር እንዴት እንደምታነሳው ጨንቋት፣ ካውያውን ያለ ሥራ ታነሳና ታስቀምጥ ጀመር። ጭምት ቀደመቻት።

"የኔዋ ትሂድ" አለች። "ኋላ የመጣችው እሷ ናት።"

ደመና ግን የትም አልሄደችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ እምቢ አለች። ጥንቸል ሲታመምና ሲደነግጥ መብላት ያቆማል፤ መብላት ሲያቆም ደግሞ ሆዱ ሥራውን ያቆማል። ጭምት ድርቆሽ አንድ አንድ ዘለላ እየመዘዘች አፏ ላይ ትይዝላታለች። ሐኪሟ በሰጠቻቸው መርፌ በሌለው ስሪንጅ ለስላሳ ምግብ በአፏ ጎን ልትሰጣት ትሞክራለች። ግማሹ በደረቷ ላይ ይፈሳል። ንቢት ይህን ሁሉ ከአልጋው ጫፍ ሆና ታያለች። ላግዝሽ ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀች፤ ጭምት አያስፈልግም አለቻት። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናው እየቆመ እየተነሳ ይሄዳል፤ እናቷ በታመመ አውራ ጣት ጨርቅ እንደ ልብ መያዝ አልቻለችም ነበርና።

አንድ ጠዋት ጭምት ውሃ ልትቀይር የሽቦውን በር ከፈተች። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ሄዳ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ንቢት ሄዳ አየች። ደመና ቀዩ ጨርቅ ላይ ጎኗን ጥላ ተኝታለች፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ምንም አያይም።

ከሕንፃው ጀርባ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ግቢ ጥግ፣ የንቢት እናት ጉድጓድ ቆፈረች። በዚያው በመጣችበት የጫማ ካርቶን ቀበሯት። ቀዩን ጨርቅ ጭምት አብራ አልቀበረችውም፤ አጥፋ ትራሷ ሥር አስገባችው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ንቢት መኝታ ክፍል ስትገባ ጭምት መሳቢያውን ከፍታ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣው ውስጥ ስትከት አገኘቻት። ምን እያደረግሽ ነው አለቻት። ጭምት የሹራቧን እጅጌ እያስተካከለች፣ አባትሽ ሲመጣ መኪናው ላይ እንዲጭነኝ እለምነዋለሁ፣ እዚያ እኛ ሰፈር የእናቴ ጎረቤት አሉ አለች። ለምን እንደምትሄድ ግን አልተናገረችም። ንቢት ደጋግማ ጠየቀቻት።

"ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል" አለች ጭምት በመጨረሻ። "አንዳንዱ አብሮ መኖር አይሆንለትም። ደመና አልሆነላትም። እኔም እንደሷ ብሆንስ?"

ንቢት ይህን ስትሰማ ዞራ ክፍቱን ሻንጣ አየች። ጭምት ቤት የላትም፤ ያንን ያውቁታል ሁለቱም። የእናት ጎረቤት እናት አይደሉም። ይህች ልጅ እናቷ የሰጠቻት ነገር ሞቶባት፣ አሁን ደግሞ ራሷን ከቤት እያስወጣች ነው፤ ያውም ንቢት በተናገረችው ቃል ምክንያት ነው። ቀየርኩ። ቀየርኩ። አዎ። ከዚያ በላይ ምንም አላለችም ነበር፤ ይህ ሁሉ የመጣው ግን ከዚያ ነው።

ወደ ፊተኛው ክፍል ሄደች። እናቷ አጎንብሳ ትሰፋለች።

"እማ፥ ጨርቁን አልቀየርኩትም" አለች።

የእናቷ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ንቢት ሁሉንም ነገረቻት፤ የመጀመሪያውን ማታ፣ ጥጤ ፊቷን ማዞሯን፣ በየማታው ድርቆሹን አራግፋ መመለሷን፣ ለሐኪሟ መዋሸቷን። እናቷ አልጮኸችባትም። ብትጮህባት ይሻላት ነበር። የምትሰፋውን ከመርፌው ሥር አወጣችና፣ ይህን የምትነግሪው ለኔ ብቻ አይደለም አለቻት። እጇን ይዛ ወደ መኝታ ክፍል ወሰደቻት።

ንቢት ጭምት ፊት ቆማ እንደገና ተናገረች። በዚህኛው ጊዜ ቃሉ ከበዳት፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተናገረችው። ጭምት ሹራቡን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

"አውቅ ነበር" አለች።

እናትና ልጅ ደንግጠው አዩዋት።

"ድርቆሽ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ቀዩ ክር ሁልጊዜ ደመና ጋ ነበር። አንድም ቀን ጥጤ ጋ አይቼው አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?" አለች የንቢት እናት።

ጭምት ሹራቡን ወደ ራሷ ሳበች። ከተናገርኩ አሳባቂ ናት ብላችሁ የምታስወጡኝ መስሎኝ ነው አለች። ይህን ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ደመና ስትሞት ያላለቀሰችውን፣ ምናልባትም እናቷ ስትሞት ያላለቀሰችውን። የንቢት እናት ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ልጅቱን ወደ ደረቷ ሳበቻት። ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣሽም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አያስወጣሽም አለቻት። ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር አስገባችው።

ንቢት ብቻዋን ቆማ ቀረች። ይቅርታ አለች።  ልጆች፥ እዚህ ላይ ጭምት ተነስታ ያቀፈቻት ይመስላችሁ ይሆናል። አላቀፈቻትም። ይቅርታ መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው፤ ይቅር ማለት ደግሞ የተበደለው ፈንታ ነው፤ በግድ አይወሰድም።

የጥጤ የቀዶ ሕክምና ቀን ሲደርስ ንቢት እዚያም መናገር ነበረባት። እናቷ በሩ ላይ አቆመቻትና አንቺው ንገሪያት አለቻት። ሐኪሟ እጅጌዋን እየጠቀለለች ሰማች። ፊቷ ጠቆረ። ባለፈው ሁለት ጥንቸል ይዘው ለመጡ ሰዎች፣ ጨርቅ ማቀያየር ሁልጊዜ አይሠራም፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ነገርኳቸው አለች። አሁን ደውዬ ተሳስቻለሁ ልላቸው ነው አለች። ንቢት ውሸቷ እስከማታውቃቸው ሰዎች ቤት ድረስ መሄዱን ስትሰማ አፈረች።

"እውነቱን ብናገር ደመና ትተርፍ ነበር?" አለች።

ሐኪሟ ልታጽናናት አልሞከረችም።

"ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ መታጠቢያ ቤት አይገቡም ነበር" አለች። ከዚያ ጥጤን ተቀብላት ገባች።

ንቢት ከዚያ በኋላ ትጸልይ የነበረው ብቻዋን ነው። ደመና ትመለስልኝ ብላ አልጸለየችም፤ እንደማትመለስ ታውቃለች። እግዚአብሔር ይቅር እንዲላት ለመነች፤ የጭምትን ልብ እንዲያጽናናላትም ለመነች። በመስኮቱ በኩል ያለውን የአልጋ ጎን ደግማ በዓይኗ አልተመኘችውም። በየጠዋቱ ግቢ ወርዳ የደመና መቃብር ላይ የወደቀውን የልብስ መቆንጠጫና ቆሻሻ ትለቅማለች። ማንም አላዘዛትም። ጭምት ከላይ በመስኮት ስታያት ታገኛታለች፤ ዓይናቸው ሲገጣጠም ጭምት ትሸሻለች።

ጥጤ ከክሊኒኩ ስትመለስ ሆዷ ተላጭቶ፣ ተሰፍቶ፣ በመድኃኒቱ ደክማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ይሙቃት ተብሏል። ንቢት ሰማያዊውን ጨርቅ አጠፍ አድርጋ አነጠፈችላት፤ በላዩም ድርቆሽ ከመረችላት። ጥጤ ግን መንቀጥቀጧን አልተወችም። ንቢት ሽቦው አጠገብ ተንበርክካ፣ ይህችም ምግብ እምቢ ብትልስ ብላ ፈራች። ይህ ፍርሃት ጭምት ተሸክማው የነበረው መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች።

ጭምት ከአልጋው ተነሳች። ትራሷን ገለጥ አደረገች። ቀይ ክር የተዘመዘመበትን ጨርቅ አወጣች። ለጥቂት ጊዜ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው። ከዚያ መጥታ ከንቢት ጎን ተንበረከከችና የሽቦውን በር ከፈተች። ጨርቁን ጥጤ ላይ አለበሰቻት።

ጥጤ አፍንጫዋን አንቀጠቀጠች። አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች።  ጥጤ ወለሉን አልመታችም። አገጯን ቀዩ ክር ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፈነች። ንቢት እንባዋ ፈሰሰ፤ ያቺ ግራጫ ጥንቸል ከሞተች በኋላ ነበር ጥጤ ሽታዋን የተቀበለችው።

"ነገ ማታ መልሺልኝ" አለች ጭምት፣ ንቢትን ሳታይ። "እኔም ከነገ ወዲያ አመጣላታለሁ።"

"እመልሳለሁ" አለች ንቢት።

"በትክክል መልሺ።"

በማግስቱ ማታ እናቷ ከስፌት መኪናው ቀና ብላ ምንም አልጠየቀችም። ንቢት ጨርቁን ከጥጤ ሥር አወጣች፣ ድርቆሹን አራገፈች፣ አጠፈችው፣ ወስዳም በጭምት እጅ አስቀመጠችው። በሚቀጥለው ቀን ጭምት መልሳ አመጣችው።

ልጆቼ፥ ያልሠራነውን ሠራን ብለን የምንዋሸው ትንሽ ውሸት ጉዳቱ ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ያርፋልና፣ በደላችንን ጉዳት ሳያደርስ ፈጥነን እንናዘዝ።